ድመትን ተዉአት ላሉን ጸሐፊ፦ ከረጢቱንስ?

«ድመትን ተዉአት» የሚለውን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ አንዴ በንዴት፣ አንዴ ሁለተኛውን የቡና ሲኒ ከጨረስኩ በኋላ። ጸሐፊው የጅማ ሰው መሆናቸው ያስታውቃል። ሂርማታ ገበያ ውስጥ በእህል ጆንያዎች መካከል ተጠቅልላ የምትተኛዋን ድመት የገለጹበት አንቀጽ ግሩም ነው፤ እኔ ጽፌው ቢሆን ኖሮ እኮራበት ነበር። ክርክራቸው ግን ሌላ ነገር ነው። ባጭሩ እንዲህ ይላሉ፦ ድመት የአፍሪካ ልጅ ስለሆነች ለዱር እንስሶቻችን ባዕድ አይደለችም፤ የጠገበች ድመት ወፍ አትነካም፤ የፈረንጅ ቁጥር ለእኛ አይሠራም፤ ወፎቻችንን የፈጀው ሰው ነው፤ ድመት ከጠፋች አይጥ ይወርሰናል፤ በመጨረሻም እምነታችን ድመት ማሰርን አይፈቅድም። ስለዚህ የድመት ቁጥጥር የሚባለው ቅንጦት ይቅርብን።

በእነዚህ ሁሉ አልጣላቸውም። እንዲያውም በአንዳንዱ ከእርሳቸው በላይ እሄዳለሁ። ከመጀመሬ በፊት ግን የምናገረው ከየት ተነሥቼ እንደሆነ ልናገር፤ ወፍ ብቻ የሚወድ፣ ድመት ቤቱ ገብታ የማታውቅ ሰው እንዳልመስል።

አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ጅማ ቆጪ ሰፈር በነበረው ግቢያችን ቡሬ የምንላት ድመት ነበረችን፤ በጀንፈል (በደረቀ የቡና ፍሬ) ክምር ላይ መተኛት የምትወድ፣ ከእናቴ በቀር ማንንም የማትሰማ። አራት ወለደች። አንዱን ጎረቤት ወሰደው፤ ለሦስቱ ፈላጊ ጠፋ። ድመት መግደል በእምነታችን ወንጀል ነው፣ ይህን ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። እናቴ ሦስቱን በማዳበሪያ ከረጢት ከታ፣ አፉን በገመድ አስራ ለእኔ ሰጠችኝ። «ቦዬ ወስደህ ፍታቸው፤ አላህ ራሱ ያበላቸዋል» አለችኝ። መንገዱን ሙሉ ጀርባዬ ይሞቅ ነበር። ጥፍራቸው በከረጢቱ ቀዳዳ እያለፈ ሸሚዜን ይይዘዋል። የቦዬ ረግረግ ዳር ደርሼ ስፈታው ሁለቱ ወዲያው ሣሩ ውስጥ ገቡ። ሦስተኛው፣ አፍንጫው ነጭ የሆነው፣ እግሬ ሥር ቁጭ አለ። ሮጬ ሄድኩ።

ጅማ ውስጥ ይህን ያላደረገ ወይም ያላስደረገ ቤተሰብ ቢቆጠር ብዙ የሚገኝ አይመስለኝም። ስለ ድመት ቁጥጥር ሲወራ እኔ የሚታየኝ ያ ከረጢት ነው። የጸሐፊው ረዥም ጽሑፍ ስለ እርሱ አንድ ቃል የለውም።

አሁን ወደ ነጥቦቹ። የአፍሪካ ልጅ ናት የሚለው እውነት ነው። የቤት ድመት ከአፍሪካ የዱር ድመት የመጣች ናት፤ ከ10,000 ዓመት ገደማ በፊት በመካከለኛው ምሥራቅ ገበሬው እህል ማከማቸት ሲጀምር ጎተራው አይጥን ጠራ፣ አይጡ ድመትን ጠራ። ቆጵሮስ ደሴት ላይ ከ9,500 ዓመት በፊት ከሰው ጎን የተቀበረች ድመት አፅም ተገኝቷል። ያቺ የዱር ድመት ዛሬም በአገራችን አለች። ነገር ግን አያትየዋ የአገሩ ተወላጅ መሆኗ የልጅ ልጇን ሥራ ንጹሕ አያደርገውም። የዱር ድመት ክልሏን ጠብቃ ብቻዋን የምታድን ናት። አደን ሲጎድል ግልገሎቿ ያልቃሉ፣ ቁጥሯ ይወርዳል፣ አይጡና ወፉ ያገግማል። የቤት ድመት ይህ ልጓም የለባትም። ወፉ ቢያልቅ እንጀራ አለ፣ የሥጋ ቤት ቁርጥራጭ አለ፣ የቆሻሻ ገንዳ አለ። የምታድነው ቢያልቅም እርሷ አታልቅም። አንድ የዱር ድመት በምታድንበት ቦታ በእኛ ሰፈር ስንት ድመት እንዳለ ጸሐፊው ማታ በጣሪያቸው ላይ ያለውን ጦርነት አዳምጠው ይቁጠሩ።

በዚያ ላይ ለዱሯ ድመት ለራሷ ዋናው ስጋት የቤቷ ድመት ናት፤ እየተዳቀለች ዘሯን ታጠፋዋለች። በስኮትላንድ ይህ ደርሶ አልቋል፤ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ሪፖርት በዱር የቀሩት ድመቶች ከቤት ድመት ጋር ከመዳቀላቸው የተነሣ ራሳቸውን ችለው ሊቀጥሉ እንደማይችሉ ደምድሟል። ዘመድ ናት ካሉን፣ የዘመዷን ቤት የምታፈርስ ዘመድ ናት። (በመንገዳቸው ጥርኝንና ሸለምጥማጥንም ከድመት ወገን ቆጥረዋቸዋል። አይደሉም፤ የራሳቸው ወገን አላቸው። የጥርኝ ዝባድ ለነጋዴ ስትሸጥ በኖረች አገር ተቀምጦ ይህን መሳሳት ትንሽ ያሳፍራል።)

ስለ ጠገበችው ድመት ብዙ የምለው አለኝ፤ ምክንያቱም እኔም እንደ እርሳቸው አምን ነበር። ድመት መንኵሳ አመሏን አትረሳ የሚለውን እያወቅሁ አምን ነበር። አሁን ያለችኝ ድመት አንድ ጠዋት ደጃፍ ላይ አንድ ነገር ጥላልኝ ሄደች። ጎንበስ ብዬ ሳነሣት የወፏ ክብደት በእጄ ላይ የለም ማለት ይቻላል። ጀርባዋ አረንጓዴ ወደ ቢጫ ያደላል፣ ዓይኗ ዙሪያ በነጭ ክር የተሰፋ የሚመስል ቀለበት አለ። እነዚህ ወፎች በቡና ዛፍ ላይ በቡድን ሆነው ቅጠሉን እያገላበጡ ነፍሳት ሲለቅሙ የሚውሉ ናቸው። ድመቴ አንድም ላባ አልበላችላትም። ቁርሷን በልታ ነበር፤ ሳህኗ ላይ ትርፍ ነበረ።

አደን ከረኀብ ጋር የግድ አይገናኝም። ድመት የሚንቀሳቀስ ትንሽ ነገር ስታይ የሚነሣባት ነገር ሆዷን አይጠይቅም። እ.ኤ.አ. በ2021 የእንግሊዙ ኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት የቤት ድመቶች ገድለው ወደ ቤት የሚያመጡት እንስሳ ተቆጥሯል። ሥጋ የበዛበት ምግብ የተሰጣቸው ድመቶች የሚያመጡት በ36 በመቶ ቀነሰ። ባለቤቶቻቸው በየቀኑ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ያጫወቷቸው ደግሞ በ25 በመቶ። አንገት ላይ የሚታሰረው ቃጭል ግን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላመጣም። ይህን ሳነብ ለድመቴ ከገበያ የገዛሁላትን ቃጭል አስታውሼ ሳቅሁ፤ ወፏን ይዛልኝ የመጣችው ከነቃጭሏ ነበር።

ጸሐፊው «ታዲያ ምግብ አደኑን ይቀንሳል ማለት አይደል?» ይሉኝ ይሆናል። ይቀንሳል፤ ሥጋ ከሆነ። እኛ የምናበላት ምንድን ነው? በሽሮ የራሰ የእንጀራ ፍርፋሪ፣ ዕድል ከቀናት የቅቅል አጥንት። ድመት ሥጋ በል ናት፤ ታውሪን የሚባለውን ንጥረ ነገር ከሥጋና ከዓሣ ካላገኘች ዓይኗም ልቧም ይጎዳል። በእንጀራ ሆዷ ሊሞላ ይችላል፣ ሰውነቷ ግን የጎደለውን ያውቀዋል ብዬ እገምታለሁ። «የጠገበች» የሚሏት የጅማ ድመት እንግዲህ ጾመኛ ናት፤ ፍስኳን የምታገኘው ከጓሮ ነው።

ቁጥሩን በተመለከተ በግማሽ እስማማለሁ። በአሜሪካ ድመቶች በዓመት ከ1.3 እስከ 4 ቢሊዮን ወፍ ይገድላሉ የሚለው ግምት የታተመው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። ጸሐፊው «ይህ ቁጥር የአዌቱን ድልድይ አይሻገርም» ብለዋል፤ አዌቱ ጅማን የሚያቋርጠው ወንዛችን ነው። አባባሉን ወድጄዋለሁ፤ ልክም ናቸው። የሌላውን አገር ድመት፣ የሌላውን አገር ወፍ አባዝቶ እዚህ ማራገፍ ሐቀኝነት አይደለም። የደሴቶቹንም ታሪክ እንዲሁ። ኒውዚላንድ አጠገብ ስቲፈንስ በምትባል ትንሽ ደሴት የመብራት ማማ ጠባቂዎች ድመት ካመጡ በኋላ መብረር የማትችል አንዲት የወፍ ዝርያ እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ ከምድር ጠፍታለች። ጅማ ግን ደሴት አይደለችም። የእኛ ወፎች ከአነርና ከሸለምጥማጥ ጋር ሲሸሹ የኖሩ ናቸው። ስለዚህ ድመት ነገ ዝርያ ታጠፋብናለች ብዬ አላስፈራራም፤ እንዲህ የሚሉትንም አልደግፍም።

ነገር ግን ቁጥሩን ሲወረውሩ ውስጡ ያለውንም አብረው ወረወሩት። በዚያው የአሜሪካ ጥናት ከተገደሉት ወፎች ከሁለት ሦስተኛ በላይ የሚሆኑትን የገደሉት ባለቤት የሌላቸው ድመቶች ናቸው። በምንጣፍ ላይ የምትተኛዋ ድመት ድርሻዋ ትንሹ ነው። ባለቤት የሌላት ድመት ከሰማይ አልወረደችም፤ ወይ እርሷን ወይ እናቷን አንድ ሰው በከረጢት አውጥቷታል። ይህ ደግሞ የትኛውንም ድልድይ ይሻገራል።

ሰው ነው ወፉን የፈጀው ለሚለው ምንም መልስ የለኝም፤ እውነት ስለሆነ። ቦዬን የሚያውቅ ሰው ይመስክር። ለጡብ ሲባል ጭቃው እየተቆፈረ ጉድጓድ በጉድጓድ ሆኗል፤ ዳር ዳሩን ባሕር ዛፍ ተተክሏል፤ ረግረጉ እየተንጣፈፈ ይታረሳል፤ ቆሻሻ ይጣልበታል። ጉማሬ ይታይበት በነበረው ውኃ ዳር በልጅነቴ የቆምኩበት ቦታ ዛሬ ጡብ ተደርድሮ ይደርቃል። አንድ ረግረግ ሲደርቅ የሚጠፋውን ወፍ የጅማ ድመቶች ሁሉ ተባብረው በብዙ ዓመት አይጨርሱትም። ጸሐፊው እዚህ ላይ «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» የሚለውን ተረት መጥቀሳቸውም ተገቢ ነው።

ብቻ፣ ሁለት በላተኛ በአንድ ጎተራ ሊኖር ይችላል። ከረግረጉ የተባረረው ወፍ የት ሄደ? ወደ አጥር፣ ወደ ጓሮ፣ ወደ ቡናው ሥር። እዚያ የምትጠብቀው ማን ናት? በአገራችን የጥላ ቡና እርሻዎች ላይ ስላሉ ወፎች እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት በቡናው ውስጥ ከአጠገቡ ካለው ደን ከእጥፍ በላይ የወፍ ዝርያ መገኘቱን አሳይቷል። ብሳናውን፣ ዋንዛውንና ሰሳውን ሳይቆርጥ ከሥሩ ቡና የሚያለማ የእኛ ገበሬ ሳያውቀው ትልቅ የወፍ መጠለያ ይጠብቃል ማለት ነው። ያው ጥናት ግን በደን ብቻ የሚኖሩትና ከመሬት ብዙም ሳይርቁ ነፍሳት የሚለቅሙት ወፎች በቡናው ውስጥ እንደሚያንሱ ይናገራል። ከመሬት ከፍ ያላለ ወፍ ደግሞ ለድመት የቀረበ ማዕድ ነው። ቀድሞውኑ የተመናመነውን ወገን፣ «ሰው የባሰ ይፈጃል» ብለን ለተጨማሪ ፈጅ እንተወው? ባሕር ዛፉን ለመንቀል የገበሬ ኑሮ፣ የመሬት ጉዳይ፣ የጡብ ነጋዴ ይነሣል፤ ቢፈታም በአንድ ትውልድ ነው። ድመት አለማስወለድ ግን የእኔና የእርሳቸው የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው።

አይጥ ይወርሰናል የሚለው የብዙውን አንባቢ ልብ የሚያሸንፍ ነጥብ ስለሆነ ጸሐፊው ብልሃት ይዘው ነው የገቡት፤ የማሪዮን ደሴትንም ታሪክ አምጥተዋል። ድመቶቹ ከደሴቷ ከተወገዱ በኋላ አይጦች የባሕር ወፍ ጫጩት ከነሕይወቱ መብላት ጀመሩ ይላሉ። እውነት ነው፤ ግን ታሪኩን ከወገቡ ነው የጀመሩት። በደቡብ አፍሪካ ሥር ባለችው በዚያች ደሴት ለነበሩት ሠራተኞች እ.ኤ.አ. በ1949 አይጥ እንዲያጠፉ 5 ድመቶች ተወሰዱ። እ.ኤ.አ. በ1977 ድመቶቹ 3,400 ያህል ሆነው በዓመት 450,000 ገደማ የባሕር ወፍ ይገድሉ ነበር። አይጡስ? አልጠፋም። ከ5ቱ ድመቶች በፊት ነበረ፣ ከ3,400ዎቹም በኋላ አለ። ይህ ታሪክ ለድመት ጠበቃ መሆን አይችልም፤ «የአይጥ ምስክሯ ድንቢጥ» ሲባል ሰምተናል፣ እዚህ ግን ድንቢጧ የቆመችው በሌላኛው ወገን ነው።

የቤት ውስጥ ትንሿን አይጥ ድመት እንደምትይዝ አልክድም። ቡሬ በነበረችበት ዓመት ጆንያችን አልተቀደደም። ለትልልቆቹ ግን ብዙ አትመኩ። በኒውዮርክ አንድ ቆሻሻ መለያ ግቢ ውስጥ ተመራማሪዎች በካሜራ ለ79 ቀን ሲከታተሉ ድመቶቹ የገደሉት አይጥ 2 ብቻ ነበር። አይጦቹ ተደብቀው መኖርን ተማሩ እንጂ አልቀነሱም። ደግሞስ አይጥ ለመያዝ አንዲት የታወቀች፣ የተከተበች፣ የማትወልድ ድመት ታንሳለች? ማምከን ጥፍሯን አይነቅለውም።

ጸሐፊው በዚህ ክፍል መጨረሻ እንደኔ ያሉ ሰዎች ነገ መርዝ ይዘው ይወጣሉ ብለዋል። ይህን ስድብ አልቀበልም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በምኖርበት ሰፈር ማን እንዳስቀመጠው ባልታወቀ የተመረዘ ሥጋ ውሾች ሞተው አድረው ነበር። እነርሱን ሊበሉ የወረዱ ሁለት ጥንብ አንሳዎች ከቦዩ ዳር ክንፋቸውን ዘርግተው ሞተው ያየሁት እኔው ነኝ። ባለ ኮፍያው ጥንብ አንሳ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በዓለም ደረጃ ለመጥፋት እጅግ የተቃረበ ተብሎ የተመዘገበ ወፍ ነው። ወፍ ለማዳን መርዝ የሚያነሣ ሰው ካለ ከጸሐፊው ጋር ሆኜ በሩ ላይ እቆምበታለሁ።

አሁን ከባዱ ነጥብ፣ እምነት። ጸሐፊው የነቢዩን ባልደረባ አቡ ሁረይራን ጠቅሰዋል፤ ከድመቶች ፍቅሩ የተነሣ «የድመቷ አባት» ተብሎ የተጠራውን። ድመት አስራ ለሞት ያበቃቻትና የተቀጣችውን ሴት ታሪክም አንሥተው «ስለዚህ ማሰር ክልክል ነው» ብለው ደምድመዋል። ዓሊም አይደለሁም፤ ቁርአን ቤት የሄደ ልጅ የሚያውቀውን ያህል ነው የማውቀው። ያቺ ሴት የተወቀሰችበት ነገር ድመቷን ዘግታ አለማብላቷ፣ ከምድር ነፍሳት ራሷ ፈልጋ እንዳትበላም አለመልቀቋ ነው። ማብላትና መጠበቅ ሳይሆን ማስራብ ነው ጥፋቱ። ታዲያ ገና በቅጡ ያላደጉ ሦስት ግልገሎችን አስሮ ረግረግ ዳር መበተን ከየትኛው ወገን ይቆጠራል? እናቴ ደግ ሴት ነበረች፤ ያደረገችውንም በደግነት ነው ያደረገችው። ግን ከግልገሎቹ ስንቶቹ ለአቅመ አደን እንደደረሱ አሁን ሳስበው፣ የደረሱትም ምን እየበሉ እንደደረሱ ሳስብ፣ ወንጀሉን ከቤታችን አውጥተን ቦዬ ወስደን የጣልነው ይመስለኛል። ጫጩቶቿ የተወሰዱባት ወፍ ስትርገበገብ ነቢዩ አይተው ጫጩቶቹ እንዲመለሱላት ማዘዛቸውም በሐዲስ አለ፤ ጸሐፊው የሚያነቡት መጽሐፍ ውስጥ ይኸኛውም አይጠፋም።

ሳይነኩት ያለፉት አንድ ጉዳይም አለ። የድመት ዓይነ ምድር ቶክሶፕላዝማ የሚባለውን ጥገኛ ተሕዋስ ያሰራጫል። እ.ኤ.አ. በ2012 በጅማ ከተማ ነፍሰ ጡሮች ላይ የታተመ ጥናት ከ10ሩ ከ8 በሚበልጡት ደም ውስጥ ለተሕዋሱ የተጋለጡበትን ምልክት አግኝቷል፤ ቤታቸው ድመት ያለባቸው ደግሞ ይበልጥ ተጋልጠው ነበር። በጥሬ ሥጋና ባልታጠበ አትክልትም ይተላለፋል፤ ስለዚህ ጥፋቱን ሁሉ ለድመት አልጭንም። ብቻ ቁጥሯ የሚያሳስበው የወፍ ወዳጅን ብቻ አይደለም።

ቁጥጥር ስል ምን ማለቴ እንደሆነ ለመናገር ብዙ ቦታ አያስፈልገኝም። ሴት ድመት በ5 ወይም በ6 ወሯ መፀነስ ትችላለች፤ እርግዝናዋ ሁለት ወር አካባቢ ነው፤ በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ልትወልድ ትችላለች። ስለዚህ ቀድሞ ማምከን፣ ወንዱንም ሴቷንም። ጅማ የእንስሳት ሕክምና የሚማሩ ወጣቶች ያሉባት የዩኒቨርሲቲ ከተማ ናት፤ ይህን በዘመቻ ማድረግ ለእነርሱም ልምምድ ነው። ወፍ ምግብ በሚለቅምበት በማለዳና በምሽት ድመቷን ቤት ማቆየት። ከእንጀራው ጋር የሥጋ ቤት ሳንባና ቁርጥራጭ መስጠት። ከቡና ጫካውና ከረግረጉ አጠገብ ያለን ሰው ደግሞ ከሌላው በላይ መጠንቀቅ። ለዚህ አዋጅም ፈረንጅም አያስፈልግም። ዋጋ ይጠይቃል ለሚለው፣ አዎ ይጠይቃል፤ የእኔዋን ሳስመክን የከፈልኩት ለአንድ ሰሞን ጫት ከማወጣው ያነሰ ነው፣ ይህን የሚረዳ የጅማ ሰው ይረዳዋል።

ጸሐፊው መጨረሻ ላይ አንባቢዎቻቸው በሚቀጥለው ቅዳሜ ለቦዬ ድመቶች ወተት ይዘው እንዲወጡ ጋብዘዋል። እኔም እመጣለሁ። ሁለት የሽቦ ወጥመድና አንድ ክዳን ያለው ቅርጫት ይዣለሁ፤ ከግልገሎቹ አንድ አንድ ለመውሰድ የተስማሙ ሁለት ጎረቤቶችም አሉኝ። ወተቱን ግን ለሻይ ያስቀሩት፤ ያደገች ድመትን አብዛኛውን ጊዜ ያስቀምጣታል።